በጓሮ ክፍል ውስጥ የእንጨት ምድጃ መትከል፦ ከጣራው ቀዳዳ ይጀምሩ

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ እንጨት ሠሪን መጀመሪያ የሚከዱት ጣቱና ኮላው ናቸው። ጣት ይደነዝዛል፤ ኮላም አልደርቅ ይላል። ሰኔ ላይ የጠረብኩት የዋንዛ በርጩማ እርጥበቱን አምቆ ይከርምና መስከረም ላይ ፀሐይ ሲነካው ይሰነጠቃል። በጓሮዬ ባለችው 3 በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ በያጅ አሠርቼ የተከልኩት ለዚህ ነው።

ሦስት ወር ሳይሞላው አንድ ማታ በሩን ልቆልፍ ስል የተቃጠለ እንጨት ሸተተኝ። ምድጃውን ከፈትኩት፤ ከአመድ በቀር ምንም የለበትም። ወንበር ላይ ወጥቼ ቱቦው ጣራውን በሚያልፍበት አጠገብ ያለውን ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት) በጣቴ ጫን አልኩት። ጣቴ ገባ። ከታች ሲያዩት ደኅና እንጨት የሚመስለው ሞራሌ በቱቦው በኩል ያለው ጎኑ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ጥልቀት ከሰል ሆኗል። በእንጨቱና በቱቦው መካከል አንድ ስንዝር ትቼ ነበር፤ በቂ መስሎኝ።

አንድ ስንዝር አይበቃም። አዲስ እንጨት በራሱ እንዲቀጣጠል ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ለወራት በመጠነኛ ሙቀት ሲጠበስ የከረመ እንጨት ግን ውስጥ ውስጡን ወደ ከሰልነት ስለሚለወጥ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ሊነሣ ይችላል። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ለምድጃ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ደኅና ያለፈ ቀን እንጨቱን ለመጥፎው ቀን ያደርቀዋል።

ምድጃ የሚያሠራ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ እሳት ሣጥኑ ነው። እኔ አሁን የምጨነቀው ስለ ሁለት ቀዳዳዎች ነው፤ ቱቦው ጣራውን ስለሚያልፍበት ቀዳዳና አየር ወደ ክፍሉ ስለሚገባበት ቀዳዳ። የመጀመሪያው ቤት ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ከሌለ ሰው ይሞታል። አሠራሩንም የመጀመሪያውን አፍርሼ መልሼ በተከልኩበት ቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

ቦታውን ከላይ ወደ ታች ይምረጡ

ብዙ ሰው ምድጃውን ደስ ባለው ጥግ ያስቀምጥና ከዚያ ቱቦው በየት ይውጣ ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ተቃራኒውን ያድርጉ። ጣራው ሥር ቆመው ወራጆቹ (ሞራሌዎቹን የተሸከሙት ዘንበል ያሉ እንጨቶች) እና ሞራሌዎቹ የት የት እንደሚያልፉ ይዩ። ድርብ ካልሆነ፣ ባለ አንድ ንብርብር ስስ ቱቦ እስከ ማንኛውም የሚቃጠል ነገር ድረስ ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ይህ በሁሉም አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የሚፈልጉት በሁለት ወራጆች መካከል ቢያንስ 105 ሴንቲሜትር ክፍተት ያለበትን ቦታ ነው፤ 45 በዚህ፣ 45 በዚያ፣ መሐል ላይ የቱቦው 15። እዚያ መሐል ላይ ምልክት ያድርጉና ከምልክቱ ቱንቢ (በክር የታሰረ ክብደት) ይጣሉ። ቱንቢው መሬት የነካበት ቦታ የምድጃው አንገት የሚቆምበት ነው።

አሁን ዙሪያውን ይለኩ። ፋብሪካ ፈትኖት መጠኑን ያልጻፈበት፣ በሰፈር የተበየደ ምድጃ ከጎኑም ሆነ ከኋላው እስከ ሚቃጠል ነገር 90 ሴንቲሜትር ሊርቅ ይገባል። በትንሽ ክፍል ውስጥ ይህ ብዙ ቦታ ይበላል። መፍትሔው መከለያ ነው፤ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ ክርክር ሁልጊዜ ይገጥመኛል፦ «ግድግዳዬ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ አይቃጠልም።» ጭቃው አይቃጠልም፤ እውነት ነው። ጭቃውን የተሸከመው ግን ባሕር ዛፍና ማገር ነው፤ ልስኑ ውስጥም ጭድ አለበት። ልስኑ የሁለት ጣት ውፍረት ቢኖረው ነው፤ ሙቀት ሲደጋገምበት ደግሞ ይሰነጠቃል። የጭቃ ግድግዳን እንደ እንጨት ግድግዳ ይቁጠሩት። ከጡብ ወይም ከብሎኬት የተሠራ ግድግዳ ብቻ ነው ከዚህ ሕግ ነጻ የሚሆነው፤ እሱም ከጀርባው እንጨት ካልተደገፈበት ነው።

በኮርኒስ ፋንታ የማዳበሪያ ጆንያ የወጠሩ ከሆነ በቱቦው ዙሪያ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ያውርዱት። ጆንያው ፕላስቲክ ነው፤ እሳት ሲይዘው እየቀለጠ በሰው ላይ ይንጠባጠባል። ብርሃን እንዲገባ ከጣራው መሐል የገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ካለም ከቱቦው አርቁት። የአምፖሉን ገመድም አይርሱ፤ የእኔው ልክ ከቱቦው በላይ ነበር የሚያልፈው።

ወለልና መከለያ

የእንጨት ሥራ ክፍል ወለል ማለት ሰጋቱራ ማለት ነው። በየቀኑ ቢጠረግም ከስንጥቁ አይጠፋም። ስለዚህ ምድጃው የሚቆምበትን ቦታ አጥርተው በትክክል ማንጠፍ አለብዎት። እኔ መሬቱን 10 ሴንቲሜትር ያህል ቆፍሬ አሸዋ ሞላሁና ደልድዬ ሸክላ ጡብ ደረደርኩበት፤ ክፍተቱንም በአሸዋ ሞላሁት። ሲሚንቶ አላስፈለገም። ንጣፉ ከምድጃው ግራ፣ ቀኝና ኋላ 20 ሴንቲሜትር፣ በበሩ በኩል ደግሞ ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ይውጣ። ፍም የሚዘለው በሩ ሲከፈት ነው፤ እኔ ከፊት ለፊት 60 አድርጌዋለሁ።

መከለያ የሚሠራው ከቆርቆሮ ወይም ከስስ ላሜራ ነው። ምሥጢሩ ያለው በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከጀርባው ባለው አየር ላይ ነው። ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ ቢመቱት ምንም አልሠሩም፤ ሙቀቱን ተቀብሎ በቀጥታ ለእንጨቱ ያስረክባል። ከግድግዳው 3 ሴንቲሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ከታች ከወለሉ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ከላይም ክፍት ይሁን። ያኔ ቀዝቃዛ አየር ከታች ገብቶ፣ ሞቆ፣ በላይ ይወጣል፤ መከለያው ራሱን በራሱ ያቀዘቅዛል። ቆርቆሮውን ከግድግዳ የሚያርቀው ማስደገፊያ እንጨት እንዳይሆን። እኔ አሮጌ የውኃ ቱቦ በ3 ሴንቲሜትር ቆራርጬ ረጅም ሚስማር በውስጡ አሳለፍኩ። ማስደገፊያውንም በትክክል ከምድጃው ፊት ለፊት አያድርጉት፤ ወደ ዳር ወደ ዳር ይሂድ።

በዚህ መልክ የተሠራ መከለያ ርቀቱን ከ90 ወደ 30 ሴንቲሜትር ሊያወርደው ይችላል ይባላል። ሞራሌው ከሰል የሆነበት ሰው ግን በ30 አይተማመንም፤ እኔ 50 ላይ አቆምኩት። አሮጌ የኤተርኒት ክዳን አግኝተው «ይህ እኮ እሳት አይፈራም» የሚሉ ካሉ ደግሞ ይተዉት። ውስጡ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሲቆረጥና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል።

ምድጃው

ስለ ምድጃው አጭር ልሁን፤ ደኅና በያጅ ካገኙ ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ብዙ ሰው 200 ሊትር በርሜል ይመርጣል፤ በርካሽ ይገኛልና። ለትንሽ ክፍል ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ የበርሜል ብረት ስስ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። እሳት ይበላዋል፤ ይበሳዋል። ሁለተኛ ትልቅ ነው። ሞልተው ካነደዱት ክፍሉ ውስጥ መቆም አይቻልም፤ ስለዚህ ሰው አየሩን ይዘጋበትና እሳቱ እየታፈነ ያድራል። የታፈነ እሳት ደግሞ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻና መርዛማ ጋዝ የሚያመርት እሳት ነው። ትንሽ ምድጃ በደንብ ሲነድ ይሻላል።

እኔ ያሠራሁት ከ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፤ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35፣ ርዝመቱ 45 ሴንቲሜትር። እግሮቹ ከአንጎላሬ (የማዕዘን ቅርጽ ካለው) ብረት የተሠሩና 25 ሴንቲሜትር ከፍታ ያላቸው ናቸው። ውስጡ ከ12 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ) የተበየደ ፍርግርግ አለ፤ ፍሙ ከላይ ይቀመጣል፣ አመዱ ከሥር ይወርዳል። ጎንና ጎኑን ከውስጥ በሸክላ ጡብ ደገፍኩት፤ ጡቡ በዓመት አንዴ ቢሰነጠቅም ላሜራውን ያድናል። በሩ ሁለት ማጠፊያና አጥብቆ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው። ከበሩ ሥር እየተንሸራተተ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መስኮት አለ። የእሳቱ መሪ ያ መስኮት ነው።

በርሜልም ሆነ ሌላ ያገለገለ ዕቃ ለመቁረጥ ካሰቡ ግን እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ነዳጅ፣ ቲነር ወይም ቀለም የነበረበት በርሜል «ባዶ» ሲሆን ነው ይበልጥ የሚያሰጋው፤ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ይቀላቀልና የመቁረጫው ፍንጣሪ ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። የምግብ ዘይት የነበረበትን ይምረጡ፤ በሳሙና አጥበው ውኃ ሞልተው ይቁረጡ። የቡታጋዝ ሲሊንደርን ልምድ የሌለው ሰው ጨርሶ አይንካው።

በቱቦው ላይ ጭስ ማፈኛ ክዳን ላስገጥም ወይ ብሎ በያጁ ጠይቆኝ ነበር። ምድጃው ዕድሜ ይኖረዋል፣ እንጨትም ይቆጥባል ይላል። አላስገጠምኩም። አንድ ቀን ተዘግቶ ይረሳል፤ የሚረሳውም ብዙውን ጊዜ ሰው ደክሞት ሊያሸልብ ሲል ነው።

ቱቦው

የቱቦው ስፋት 15 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ከምድጃው አንገት እስከ ቆቡ ድረስም አይጥበብ። ጠበብ ባለበት ሁሉ ጭሱ ይመለሳል፣ ጥቀርሻም ይጠራቀማል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ላሜራ ተጠቅልሎ ይበየድ። የጣራ ቆርቆሮ ወይም ዚንክ የተቀባ የውኃ ቱቦ፣ በተለይ ለመጀመሪያው 1 ሜትር፣ አይሆንም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ምድጃ ሲጋል ደግሞ አንገቱ እዚያ ይደርሳል። የዚንክ ጭስ የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ማንኛውንም አሮጌ በያጅ ይጠይቁ።

የቱቦዎቹ አገጣጠም ላይ ተከራክሬ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የላይኛውን ቱቦ ወደ ታችኛው ውስጥ ሲያስገባ አይቼ «ቆርቆሮ እንዲህ ነው ወይ የሚደረበው? ጭሱ በመጋጠሚያው ይወጣል» አልኩት። «ጋሼ፣ ጭሱ ወደ ላይ ስለሚሳብ በመጋጠሚያው አይወጣም፤ የሚወጣው ፈሳሹ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲነድ በቱቦው ውስጥ ጥቁር ውኃ እየወረደ ይንጠባጠባል። የላይኛው በታችኛው ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ከውስጥ ወርዶ እሳቱ ውስጥ ይቃጠላል። ከተገለበጠ ግን በውጭ እየተዝረከረከ ክፍሉን ያገማዋል፤ ሲደርቅም እሳት ሊይዝ ይችላል። ከጣራው ውጭ ያለው ክፍል ግን መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ቱቦ ይሁን፤ እዚያ የሚወርደው የሰማይ ዝናብ ነው። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሦስት ብሎን ያጥብቁ።

ቀጥ ያለ ቱቦ ከሁሉም ይሻላል። መታጠፍ ካለበት በ45 ዲግሪ ይታጠፍ፤ ሁለት እጥፋት ቢበዛ ነው።

ርዝመቱን አይቆጥቡ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ጭስን በደካማ ጉልበት ይስባል፤ ያንን የሚያካክሰው የቱቦ ቁመት ነው። ከምድጃው አናት እስከ ቆቡ 4 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከጣራው በላይ ያለው ክፍል ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ይቁም፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ የጣራ ጫፍ ወይም ግድግዳ ደግሞ በ60 ሴንቲሜትር ይብለጥ። የጓሮው አቮካዶም እንደ ግድግዳ ይቆጠራል። የሙዝና የእንሰት ደረቅ ቅጠል ደግሞ ፍንጣሪን የሚጠብቅ ጭድ ነው፤ ከቱቦው በታች ያለውን ያጽዱ።

የጣራው ቀዳዳ

እዚህ ላይ ቸኩዬ ነበር የተቀጣሁት፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ ከቱቦው 45 ሴንቲሜትር ክልል ውስጥ የገባውን ሞራሌ በሙሉ ያስወግዱ። ወራጁ ቀድሞ በተመረጠ ቦታ ምክንያት ነጻ ነው፤ አግድም የሚሄደው ሞራሌ ግን ብዙ ጊዜ አያመልጥም። ሞራሌውን ከወራጅ እስከ ወራጅ ቆርጠው ያውጡና በምትኩ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ) ብረት አግዳሚ ያስገቡ፤ ጫፎቹን በወራጆቹ ላይ በብሎን ያስሩ። የጣራው ቆርቆሮ የሚመታው በዚያ ብረት ላይ ይሆናል። እንጨቱን በቆርቆሮ ጠቅልሎ መተው ሥራ አይደለም። ግድግዳ ላይ እንደተመታ ቆርቆሮ ሁሉ ጥቅልሉም ሙቀቱን ከማሳለፍ አልፎ እንጨቱ ከሰል ሲሆን እንዳያዩት ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ ቆርቆሮውን ከቱቦው ዙሪያ በሁለት ጣት ሰፋ አድርገው ይቁረጡ። ቱቦው ቆርቆሮውን መንካት የለበትም፤ ምክንያቱም ቱቦው ይንቀሳቀሳል። 4 ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ከጣራው ጋር በሲሚንቶ ወይም በብየዳ ካሰሩት ወይ ሲሚንቶው ይፈረካከሳል፣ ወይ ቆርቆሮው ይነቃል፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ይነግርዎታል።

ዝናቡን የሚከለክሉት ሁለት ቁራጭ ላሜራዎች ናቸው። አንደኛውን እኔ ቀሚስ እለዋለሁ፦ ከሥሩ ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ሆኖ ቱቦውን ሳይነካ የሚከብ። የቀሚሱ የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ የታችኛው ጠርዝ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይተኛል። ውኃ ሲወርድ እያሰቡ ያስቀምጡት። ሁለተኛው አንገትጌ ነው፤ ቱቦው ላይ ብቻ ተጠብቆ የሚታሰርና ቀሚሱን እንደ ጃንጥላ ከላይ የሚሸፍን። ቱቦው ሲረዝምና ሲያጥር አንገትጌው አብሮት ይወጣል ይወርዳል፤ ቀሚሱ ግን አይንቀሳቀስም። በአንገትጌውና በቱቦው መካከል ያለውን ስንጥቅ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይድፈኑ። ተራው ሲሊኮን በአንድ ሳምንት ይላጣል።

ከሁሉ በላይ ቆብ ይደረጋል። በቆቡና በቱቦው አፍ መካከል ከቱቦው ስፋት ያላነሰ፣ ማለትም 15 ሴንቲሜትር፣ ይተዉ። ዙሪያውን ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት ካደረጉ ቀዳዳው 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ ከጠበበ በጥቀርሻ ይደፈናል። ነፋስ እንዳይጥለው በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ይወጥሩት።

የአየሩ ቀዳዳ

ቱቦ ከክፍሉ አየር ያወጣል። የወጣው አየር በሌላ በኩል ካልገባ ጭሱ ራሱ በቱቦው ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከግድግዳው ሥር፣ ከወለሉ አጠገብ፣ 15 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ሁልጊዜ ክፍት ቀዳዳ ያድርጉ፤ አይጥ እንዳይገባ ሰፋ ባለ ወንፊት ይሸፈን። «በሩ ሥር ክፍተት አለ» አይበሉ። ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደፈነው ያ ነው። እኔ ያሠለጠንኩት ልጅ አንድ ማለዳ ያንን ቀዳዳ በጆንያ ወትፎት አገኘሁ፤ እግሩን ነፋስ እየመታው ነበር። አሁን ቀዳዳው የሚከፈተው ከምድጃው አጠገብ ስለሆነ ነፋሱ ወደ እሳቱ ይሄዳል እንጂ እግር አይነካም፤ ማንም መወተፍ አላስፈለገውም። ሰዎች ቀዳዳውን እንዳይወትፉ ከመከልከል ይልቅ ቀዳዳውን የማይወትፉበት ቦታ ማድረግ ይሻላል።

የሚያሰጋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ አይሸትም። በአገራችን በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ያንቀላፉ ሰዎችን የሚገድለው እሱ ነው። ጭስ የሌለው እሳት አደጋ የለውም የሚባለው ፍጹም ስሕተት ነው፤ ጋዙ በብዛት የሚወጣው ነበልባሉ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር፣ ሰውም «አሁን እንኳ ጭሱ ጠፋ» ብሎ በሩን ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ከምድጃው ፍም በማንደጃ አውጥቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ቡና ማፍላት አይገባም፤ ፍሙ ከጭስ ማውጫው ሥር ወጥቶ መሐል ክፍል ተቀመጠ ማለት ነው። ምድጃው እየነደደ መተኛትም አይፈቀድም፤ ለአፍታ እንኳን ቢሆን።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ፣ በተለይ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያማቸው፣ ምክንያት ሳይፈልጉ ይውጡ። የወደቀ ሰው ካለ ጎትተው ወደ ንጹሕ አየር ያውጡትና ወደ ሕክምና ያድርሱት። ወተት ማጠጣት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ከጫማና ከሽቶ ይልቅ እሱን ያስመጡ።

የመጀመሪያው እሳት

ምድጃውን ከመትከልዎ በፊት ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ በደንብ ያንድዱት። የብረቱ ዘይትና ቀለም የሚወጣው ያኔ ነው፤ ይህ ሽታ ክፍል ውስጥ አይቻልም። ከተተከለ በኋላ ደግሞ አንድ ጋዜጣ ጨማድደው ብቻውን ይለኩሱ። ጭሱ ወደ ላይ ከተሳበ ጥሩ ነው። ወደ ክፍሉ ከተመለሰ እንጨት አይጨምሩበት፤ ወይ ቱቦው አጭር ነው፣ ወይ አየር የሚገባበት የለም፣ ወይ የሆነ ቦታ ተደፍኗል። በሩን ከፍተው ይሞክሩት። በሩ ሲከፈት የሚስተካከል ከሆነ የጎደለው የአየር ቀዳዳ ነው።

ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድደው በጣራው ሥር ያለውን እንጨት ሁሉ በመዳፍዎ ይፈትሹ። መዳፍዎን ለረጅም ጊዜ አሳርፈው መቆየት ካልቻሉ ያ እንጨት በጣም ቀርቧል። መከለያው ጀርባ ያለውን ግድግዳም እንዲሁ ይንኩት። እኔ ይህን ፈተና በመጀመሪያው ቀን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ሞራሌው ላይ ጣቴ አይገባም ነበር። እስከ ዛሬ በወር አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቼ እንጨቶቹን እዳስሳለሁ።

ምን ይነዳል፣ ምን አይነዳም

በጅማ ደረቅ እንጨት ማግኘት ራሱ ሙያ ነው። የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ከዝናብ ተከልሎ፣ ነፋስ እያገኘው፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለበት። ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፤ «ዱብ» ካለ ውኃ አለበት። ከሁሉም የምወደው የቡና ግንድ ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወጣው እንጨት ጠንካራ ነው፣ ፍሙም ይቆያል። የጥላ ዛፍ ሆኖ የሚተከለው ግራቪሊያም ሲደርቅ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ።

የቡና ገለፈት ግን አይጨምሩ። ተጠቅጥቆ አየር ይከለክላል፣ እየታፈነ ይጨሳል። ሰጋቱራም እንደዚያው ነው፤ በእፍኝ ነበልባል ላይ ከተበተነ ደግሞ ቦግ ብሎ ፊት ይለበልባል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ቺፑድና ፕላስቲክ መርዛማ ጭስ አላቸው። ቲነርና ቫርኒሽ ደግሞ ከምድጃው ጋር በአንድ ክፍል አይደሩ። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ እየተሳበ እሳቱ ጋ ይደርሳል። ቫርኒሽ በምቀባባቸው ቀናት ምድጃው አይነድም።

ጥቀርሻና አመድ

በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በሁለት ወር አንዴ ቱቦውን ይጥረጉ። እኔ ቆቡን አንሥቼ የሽቦ ብሩሽ በረጅም ሽቦ አስሬ እለቅበታለሁ። የሚወርደው ዱቄት የመሰለ ጥላሸት ከሆነ ደኅና ነው፤ የሚያብረቀርቅና እንደ ሬንጅ የተጣበቀ ከሆነ እንጨትዎ እርጥብ ነው ወይም እሳቱን እያፈኑት ነው። ያ ጥቀርሻ ቱቦው ውስጥ ሲነሣ ልክ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያሰማው ያጓራል፤ ቱቦውም ይቀላል። ያኔ የምድጃውን በርና የአየር መስኮት ይዝጉ፤ ሰውን ሁሉ ያውጡና ጎረቤት ይጥሩ። በጋለ ቱቦ ውስጥ ውኃ አያፍስሱ፤ በእንፋሎት ይፈነዳል። በክፍሉ በር ውጭ ሁለት ባልዲ አሸዋ ሁልጊዜ ይኑር።

አመዱን ባወጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ካርቶን ውስጥ አድርጌ በግድግዳው ጥግ አስቀምጬው ነበር። በአጥሩ በኩል ያሉት እማማ አይተውኝ «ልጄ፣ እሳት ተዳፍኖ ያድራል እንጂ በአንድ ሌሊት ይሞታል?» አሉኝ። አፈርኩ፤ እናቴ በልጅነቴ ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍና ጠዋት ጭራሮ አስነክታ ስታነድ አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። አመድ የሚወጣው ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ነው፤ ባልዲውም ከእንጨት ርቆ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን አይነካም። ከዚያ በእጅዎ ነክተው ከቀዘቀዘ ለጎመኑና ለቡናው ሥር ይበትኑት። እማማም ከዚያው ባልዲ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።